የነጯ ፒክአፕ ቁልፍ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት እንደሆነ የይርጉ ካምሪ ትራንስሚሽን 635 አውራ ጎዳና ላይ፣ ያውም ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ በአምስት መስመር መኪና መሀል ይውደቅ። ከዚህ የሚበልጥ መሐላ ዳላስ ውስጥ የለም። በእናቱ የማለ ሰው፣ እናቱ ሩቅ ናት፤ አትሰማውም። በታቦት የማለ ንስሐ ገብቶ ይታረቃል። ትራንስሚሽኑን ያስያዘ ሹፌር ግን ልጆቹን ከነዳቦአቸው አስይዟል፤ ውሸት ቢቃጣው እንኳ ምላሱ እሺ አይለውም።

ምስክር ከተባለም ሞልቷል። በኤርፖርቱ የሹፌሮች መጠበቂያ ግቢ ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው የለም። ትናንት ከአዲስ አበባ የገባ ቢኖር እንኳ ሻንጣው ሳይወርድለት ግማሹን ሰምቷል።

ይርጉ ታሪኩን የሚጀምረው ሁልጊዜ ከቁልፉ ነው። መያዣው ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ። አንዱ የካምሪው ነው። አንዱ ዋይሊ ከተማ የገዛው ቤት ቁልፍ ነው፤ ቤቱ አራት መኝታ አለው፣ ሲወራለት ስድስት ይሆናል። ሦስተኛው ጥርሱ የተበላ፣ ራሱ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር የተጠመጠመበት የአሮጌ ፒክአፕ ቁልፍ ነው። እሱ የሚከፍተው ነገር በዚህ አህጉር ላይ የለም።

“ይቺን ታያታለህ?” አለ ያን ረቡዕ፣ የካምሪውን የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ትራንኩን፣ ከፍቶ ጫፉ ላይ እንደ ዙፋን ተደላድሎ።

“አየናት። ባለፈው ሳምንትም አየናት፤” አለ ዐብዱሰመድ። ዐብዱሰመድ ኮምቦልቻ ተወልዶ ሮውሌት የሚኖር ሹፌር ነው። ታሪኩን ከማንም በላይ ደጋግሞ ሰምቶታል፤ ከማንም በላይም ስህተት ይለቅምበታል።

“ላንተ አይደለም። ለዚህ ልጅ ነው፤” አለ ይርጉ ወደ አዲሱ ሹፌር እየጠቆመ። “ይቺ ቁልፍ አንድ ሰው የከዳኝ ቀን እጄ ላይ የቀረችኝ ናት። እኔ ዲቪ ሳይደርሰኝ በፊት ስድስት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ነበርኩ። ከኬፕታውን ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። እኔና ክብረት፣ ነጯ ፒክአፕ ላይ ብርድ ልብስና ጃኬት እስከ ሰማይ ጭነን፣ በረሃው ውስጥ ላሉ የሀገራችን ልጆች ሱቆች ልናከፋፍል። መኪናዋ የሁለታችን፣ ዕቃው የሁለታችን። አንድ ፍራሽ ላይ አራት ዓመት የተኛን ሰዎች ነን። ወንድሜ ብለው ያንስበታል።”

“እሺ፤” አለ ልጁ።

“መጀመሪያ ሸለቆው ነው። ግራና ቀኝ ወይን፣ ወይን፣ ወይን። ከላይ ተራራው ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወይኑ ያልቅና ድንጋዩ መቅላት ይጀምራል። ቀጥ ያለ ቀይ ግድግዳ፤ ዳውንታውን ዳላስን አምስት ጊዜ ደራርበህ አትደርስበትም። መንገዱ በስንጥቁ ሾልኮ ይገባል። አንዲት ወንዝ አለች፣ አንዴ በቀኝህ፣ አንዴ በግራህ፤ ስልሳ ጊዜ ተሻገርናት።”

“ባለፈው ሃያ አምስት ነበር፤” አለ ዐብዱሰመድ።

“ስመለስ ያለውን አልቆጠርኩም ነበር።”

“ተመልሰሃል እንዴ?”

“ዝም ብለህ ስማ። ሰጎን እዚያ እንደ ላም በአጥር ነው የሚረባው። አንዱ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ሳንድዊቼን ከነፌስታሉ ነጠቀኝ። ዝንጀሮዋ ደግሞ ከጭነቱ ላይ ጃኬት መዝዛ፣ ለብሳ፣ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘግታ ሄደች። መጠኑ ልክክ ነበር።”

ልጁ ሳቀ። ይርጉ ሳቁን ጠበቀለትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ተራራውን ስትጨርስ ካሩ የሚባለው በረሃ ነው። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። ቁጥቋጦው ጉልበትህ አይደርስም። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና ሰማይ ውስጥ ይገባል። የቴክሳስ ሐምሌ ከዚያ ጋር ፍሪጅ ነው። እዚያ ነው እንግዲህ ‘አንዴ ልሽና’ ብዬ የወረድኩት። ቁልፉን ነቅዬ ነው የወረድኩት፤ አመሌ ነው። ዞር ስል መኪና የለም።”

“ቁልፉ አንተ ጋ ከሆነ በምን አስነሣት?”

“መንታ አሠርቶላት!” አለ ይርጉ፣ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደ ቆየ ሰው። “ገባህ? በዚያች ቀን የመጣለት ሐሳብ አይደለም። አብሮኝ እየበላ፣ አብሮኝ እየሳቀ፣ ኪሱ ውስጥ መንታ ቁልፍ ነበረው። ውሃዬም እዚያው መኪናዋ ላይ፣ ጫማዬም እዚያው። ሰባት ቀን በባዶ እግሬ ሄድኩ።”

“ባለፈው አምስት ነበር።”

“ባለፈው ተሳፋሪ ስለጠራኝ አልጨረስኩትም።”

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። እዚያ ላይ ዐብዱሰመድም አይቀልድም። ነጯ ፒክአፕ ቆማ በነበረችበት የመንገድ ዳር ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ የዘይት ጠብታ ቀርታ ነበር። አቧራው ገና አልሸፈናትም። ይርጉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ በጣቱ ነካት። ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይርጉ ያላተለቃት እሷን ብቻ ነው። ለማተለቅ ሞክሮ ያውቃል፤ አልሆነችለትም።

“ሰውን ማመን ቀብሮ ነው፤” አለ ሲጨርስ።

“ለዚሁ ብለን አይደል እድር የገባነው፤” አለ ዐብዱሰመድ።

ስልካቸው እኩል ጮኸ። የእድሩ ጸሐፊ ጸጋ ለአባላት ሁሉ የላከችው መልእክት ነበር። አዲስ አመልካች፣ ክብረት፣ ሜስኪት ነዋሪ፣ ከእናቱ ጋር። ከሚኒሶታ የመጣ፣ ቀድሞ ደቡብ አፍሪካ የነበረ። ተቃውሞ ያለው እሑድ ከሰዓት ቀርቦ ይናገር።

ይርጉ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ትራንኩን ዘጋ፤ ድው ሲል ሦስት መኪና አልፎ የተቀመጠ ሰው ዞር አለ።

ስለ ተቃውሞ የእድሩ ደንብ አንድ ነው። ሰው በሹክሹክታ አይነቀፍም፣ በቴክስትም አይነቀፍም። የሚቃወም ሰው በአመልካቹ ፊት ቆሞ፣ ዐይኑን እያየ ይናገራል። ነቀፋው ከጸና አመልካቹ አንድ ዓመት ይጠብቃል። አንድ ዓመት ምን አላት የሚል ካለ ክብረትን ይጠይቅ። ሐኪሞቹ እናቱ ከመስቀል በዓል አታልፍም ብለውት ነበር። በባዕድ ሀገር እናቱ ሞታበት ብቻውን አስከሬን ቤት በር ላይ የቆመ ሰው፣ ድንኳን የለ፣ ‘እግዜር ያጥናህ’ የሚለው የለ፣ ወደ ሀገር መላኪያ ወረቀቱን የሚጨርስለት የለ።

ለይርጉ ግን ያን ማታ የታየው ሌላ ነው። የታየው የክብረት እጅ ነው፤ ካንድ ሳህን አብሮት የበላ እጅ፣ መንታ ቁልፍ ይዞ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ውድነሽ ልብስ እያጠፈች ነበር። ውድነሽ ዝምተኛ ሴት ናት። ሁለት አመል አላት፤ ይርጉ በሁለቱም ሲቀልድባት ኖሯል። መኪና በገዙ ቁጥር ሁለተኛዋን ቁልፍ ለማንም አትሰጥም፤ ቦርሳዋ ውስጥ በመሐረብ ጠቅልላ ትይዛለች። ደግሞም ትራንክ ውስጥ ጋሎን ውሃ ሳይኖር መኪና አታስነሣም፤ ቤታቸውና ሱፐርማርኬቱ የስድስት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም። ይርጉ በእንግዳ ፊት “ሚስቴ ግብፅን በእግር ልትሻገር ነው” ይላል። እሷ ትሰማለች፤ አትስቅም፣ አትቆጣም።

“ሰምተሻል? ክብረት መጥቷል፤” አላት። “እሑድ ቆሜ እናገራለሁ።”

“እናቱ ታማለች፤” አለች ካልሲ ከካልሲ እያጣመደች።

“አንቺ በምን አወቅሽ?”

“ጸጋ ነገረችኝ። ሄጄ ጠየቅኋት።”

“ቤቱ ሄድሽ? ማለቴ፣ የሱ ቤት?”

“የእናቱ ቤት።”

ይርጉ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ከሁሉ በፊት የተሰማው ቁጣ አልነበረም፤ ብርድ ነበር። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሚስቱ፣ ከጀርባው።

“ተወው ይርጉ፤” አለችው። “እባክህ፣ ይሄን አንድ ተወው።”

“በጠላቴ ፊት ልፈር ነው? ይሄ ሁሉ ሰው ታሪኩን ያውቃል። ዝም ካልኩ ምን ይሉኛል? ውሸታም ነው የሚሉኝ።”

ውድነሽ ልትናገር የነበረውን ነገር ከካልሲው ጋር አጠፈችው።

“እሑድ አትምጪ፤” አላት። እሷ የታጠፈውን ልብስ ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

የእሑዱ ስብሰባ ጋርላንድ ነው፤ እድሩ በየወሩ የሚከራየው አዳራሽ። ስልሳ ሰው ነበር፤ ይርጉ በኋላ ሦስት መቶ ይለዋል። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ገመቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሰባውን ያለፉ፣ ነገር ሲሰሙ ዐይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። የማያውቃቸው ያንቀላፉ ይመስለዋል።

ክብረት በጎን በር ገባ። ሸብቷል። ይርጉ ሲጠብቀው የነበረው ጥርሱ የሚያብለጨልጭ ሌባ ሳይሆን፣ የመጋዘን ጫማ ያደረገ፣ ትከሻው የወረደ ሰው ነበር። አጠገቡ ዐብዱሰመድ አለ።

“አንተ ነህ ይዘኸው የመጣኸው?” አለ ይርጉ ዐብዱሰመድን ወደ ጥግ ስቦ።

“ራይድ ሰጠሁት። መኪና የለውም፤ መንዳትም ገና አሁን እየተማረ ነው። ከሜስኪት በእግሩ ይምጣ?”

“ታሪኩን መቶ ጊዜ የሰማኸው ሰው ነህ።”

“መቶ ጊዜ ሰማሁት፤” አለ ዐብዱሰመድ። “የእሱን ግን አንድም ጊዜ አልሰማሁም። አልጠየቅኩትም ደግሞ፤ እናቱን ሆስፒታል አድርሼ መለስኩ፣ በቃ።”

ይርጉ በሁለተኛ ሰው ተከዳ። አሁን የሚቆምለት አፉ ብቻ ነው።

ጸጋ ስሙን አነበበች። ጋሽ ገመቹ “ተቃውሞ ያለው?” አሉ። ይርጉ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፤ ወንበሩ መሬቱን ሲፍቀው አዳራሹ ወደ እሱ ዞረ።

ክብረት ቀና ብሎ አየው፤ ጥላቻ በሌለበት ዐይን፣ የታመመ ዘመድ እንደሚያይ ሰው። ይርጉን የከነከነው ይኸው ነው። ቢሳደብ፣ ቢገላምጠው ይቀለው ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ላይ ያዘውና እንደ ልማዱ ጀመረ።

ቁልፉ ከወጣ በኋላ ያለውን መንገድ ምላሱ ያውቀዋል። ተራራው ከፍ አለ። ወንዟን ሰባ ጊዜ ተሻገሩ። ሰጎኑ ሁለት ሆነ፤ የፊተኛው ሳንድዊቹን፣ የኋለኛው ጭማቂውን ወሰደ። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋ ጉልበት ሆነው። ካሩ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ራሱ የሞቀ መሰለ። አንድ አባት የሸሚዛቸውን አንገት ከፈቱ፤ ማቀዝቀዣው ግን እየሠራ ነበር። ‘አንዴ ልሽና’ ብሎ ወረደ፤ ዞር ሲል መኪና የለም። ዘጠኝ ቀን ሄደ። ጅብ አጀበው። ምላሱ አብጦ ከአፉ ወጣ።

“ከዚያ ተመለስኩ፤” አለ። ይህን ሲል ድምፁ ያለ ፈቃዱ ወረደ። “መኪናዋ ቆማበት ወደነበረው ቦታ። አንዲት የዘይት ጠብታ። ሌላ ምንም የለም። አንድ ማስታወሻ እንኳ። ወንድሜ ያልኩት ሰው አንዲት ወረቀት በድንጋይ አልጫነልኝም።”

የይርጉ ዐይን እንባ አቀረረ፤ እንባው እውነተኛ ነበር። ያኔ በዚያ መንገድ ዳር የተሰማው ነገር፣ ዓለም ሁሉ መኪናዋን አስነሥቶ ጥሎት የሄደ የመሰለው ነገር፣ እንደ አዲስ ደረቱን ያዘው።

“ይህን ሰው አብሬው እንድቀብር፣ እንዲቀብረኝም አትጠይቁኝ፤” አለና ተቀመጠ።

ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። “በበረሃ? ጨካኝ ነው፤” አለ አንዱ። ጸጋ እስክሪብቶዋን አቁማ ጋሽ ገመቹን አየች።

“ልጄ፣ መልስ ካለህ፤” አሉት ጋሽ ገመቹ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

ክብረት ተነሣ። ቆብ ይዞ ነበር፤ በሁለት እጁ አዞረው።

“የምለው የለኝም፤” አለ። “ይርጉ ያለው ይሁን። እኔ ዓመቱን እጠብቃለሁ። የምለምናችሁ፣ ከተቻለ፣ የእናቴን ስም ብቻ መዝግቡልኝ። እሷ ማንንም በረሃ ላይ አልጣለችም።”

“ደንቡ በቤተሰብ ነው፤” አለች ጸጋ ቀስ ብላ። “አመልካቹ ካልገባ እናትየው ለብቻዋ አትገባም።”

ክብረት ራሱን ነቀነቀ፤ ‘ይገባኛል’ እንደማለት። ወደ በሩ ሲዞር ዐይኑ አንድ ቦታ ላይ አረፈና ወዲያው ሸሸ። ይርጉ ዐይኑን ተከትሎ አየ። ውድነሽ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። መቼ እንደ ገባች አላወቀም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች።

“ጋሽ ገመቹ፤” አለች። ድምፅ ማጉያ አልፈለገችም። ሰዎቹ እሷን ለመስማት ወንበራቸውን አዞሩ።

“ተናገሪ ልጄ።”

“ሦስት ሰው ነበርን።”

ጋሽ ገመቹ ዐይናቸውን ገለጡ።

“ውድነሽ፤” አለ ይርጉ።

“መኪናዋ ውስጥ ሦስት ሰው ነበርን። እኔ መሀል ነበርኩ። ውሃዋ ፈልቶ ቆመችብን። ይርጉ በሚያልፍ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ውሃና መካኒክ ሊያመጣ ሄደ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ ብሎ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ረስቶት ነው። በሮቿ ያለ ቁልፍ አይቆለፉም ነበር፤ ቆልፈን ማደር እንኳ አልቻልንም።”

“ፖሊስ ነበር!” አለ ይርጉ። “ከተማው መግቢያ ላይ ወረቀት እያዩ ነበር፤ የኔ የመኖሪያ ወረቀት ቀኑ አልፎበት ነበር፣ አንቺ ታውቂያለሽ…”

“አውቃለሁ። ፈርተህ የሀገር ልጅ ሱቅ ውስጥ ተደበቅህ። አልፈረድኩብህም።” ፊቷን ወደ ጋሽ ገመቹ መለሰች። “ሁለት ሌሊት አደርን። የቀረችውን ውሃ ክብረት ለኔ ሰጠኝ፤ እሱ ከንፈሩን ብቻ ያረጥብ ነበር። የይርጉን ልጅ አርግዤ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ በትራክተር ጎትቶን ወሰደን። ክብረት ክሊኒክ ውስጥ አራት ቀን አጠገቤ ተቀመጠ። ልጁ አልተረፈም።”

ዐብዱሰመድ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት አጎነበሰ፤ የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ።

“ኋላ ጆሃንስበርግ ስንገናኝ ይርጉ ‘ስለዚህ ነገር አናውራ’ አለኝ። እሺ አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት አላወራሁም። ሰጎኑንም ዝንጀሮዋንም እሰማለሁ፤ እኔን ከመኪናዋ ሲያወርደኝም እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ።”

ይርጉ ቁልፉን ጨበጠው። ጥርሱ መዳፉን ወጋው። ቃል ተገባብተው ነበር። ከሰው ሁሉ እሷ፣ በስልሳ ሰው ፊት። “መንታ ቁልፍ…” ብሎ ጀመረ፤ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ።

“መንታ ቁልፍ አልነበረንም፤” አለች ውድነሽ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ በዝግታ። “ቢኖረንስ ምን ያደርግለታል? ክብረት ያኔ መንዳት አይችልም ነበር።”